የሳቁ ጅራት

መብሩሬ በትዳር ዘመኗ ሁሉ የቀናችው በአንዲት ሴት ብቻ ነው፤ ያቺም ሴት ራሷ መብሩሬ ነበረች። ሲሰሙት ግራ ያጋባል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው።

ባሏ ሪፍኪ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በኢስታንቡል መርከቦች ላይ ገመድ ወርዋሪ ነበር። መርከቡ ካዲኮይ ወደብ ሲጠጋ፣ የክንድ ውፍረት ያለውን ገመድ ወርውሮ የብረቱ ጉቶ ላይ ማጥለቅ የእሱ ፋንታ ነው። በሥራ ዘመኔ አንድም ቀን ስቼ አላውቅም ብሎ ይምላል፤ መብሩሬም አንድም ቀን አምናው አታውቅም። ሰውየው ደግ ነው፣ ወሬኛ ነው፣ ዓሣ ይወዳል፣ ከዓሣም በላይ አንድ ሸክላ ይወዳል። ልጆቻቸው አግብተው ከወጡ ወዲህ ሸክላው የቤቱ ሦስተኛ ሰው ሆኗል።

ሸክላው «ሐምራዊው ፋኖስ» የተባለ ፊልም ሙዚቃ ነው። ፊልሙን ዛሬ የሚያስታውሰው የለም። አንድ ዓሣ አጥማጅ ጀልባው ውስጥ ያንቀላፋና ባሕሩ ሐምራዊ ይሆንበታል፣ ዓሦቹ ይዘፍኑለታል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን የሠራው ሰውም የገባው አይመስለኝም። በሳምንቱ ከሲኒማ ቤቶች ወረደ። ጊዜው ጎረምሳ ሁሉ ጸጉሩን እስከ ትከሻው የሚያወርድበት፣ አባቶች ደግሞ መቀስ ይዘው የሚያሳድዱበት ጊዜ ነበር። ሙዚቀኞቹ የአያቶቻቸውን የገጠር ዜማ አንሥተው ከኤሌክትሪክ ጋር አጋቡት፤ ሳዙ፣ ያ አንገተ ረጅሙ የገጠር መሣሪያ፣ ሽቦ ገብቶበት እንደ ንብ መንጋ ይጮሃል፣ ከበሮው ይጋልባል፣ ኦርጋኑ ምን እንደጠጣ ሳይታወቅ ይንገዳገዳል። በሁለተኛው ገጽ መሐል ላይ ሁሉም ድንገት ጸጥ ሲሉ አንዲት ሴት ትስቃለች። ሳቋ ከሆዷ ተነሥቶ ይወጣል፣ ይወጣል፣ ገና ጫፉ ላይ ሳይደርስ ከበሮው ተመልሶ ይውጠዋል።

ሪፍኪ የሚወደው ያንን ሳቅ ነው። የሳቀችው የፊልሙ ዋና ተዋናይት እንደሆነች እሱም፣ ሸክላ ሰብሳቢውም ሁሉ ያምናል።

“ስሚ! ስሚማ!” ይላል መርፌው እዚያ ቦታ ሲደርስ፣ ጣቱን ወደ ጣሪያው ቀስሮ። “ሳቅ ማለት ይኼ ነው። አንቺ ስትስቂ እኮ ለቅሶ ቤት ያለሽ ነው የሚመስለው።”

“እሷን አታገባም ነበር ታዲያ?”

“አንድ ቀን መርከባችን ላይ ተሳፍራ አይቻታለሁ። ገመዱን ባሕር ውስጥ ወረወርኩት።”

“አንድም ቀን ስቼ አላውቅም ትል አልነበር?”

“ያ ቀን አይቆጠርም!”

እውነቱ እንዲህ ነው። መብሩሬ ከማግባቷ በፊት ቤዮግሉ ውስጥ አንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ የቁልፍ ቀዳዳ ትዘመዝም ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ጌታዋ ሐምራዊ የከፈይ ሰደርያ አስይዞ “ለሙዚቀኞቹ አድርሺላቸው” ብሎ ላካት። ሙዚቃው የሚቀረጸው በአንድ የሀብታም ልጅ መኖሪያ ቤት ሳሎን ውስጥ ነበር፤ ግድግዳውን በብርድ ልብስ ሸፍነውታል። የልጁ እናት ከነጫማው ወደ ቤቷ የሚገባ ሰው አትወድም፤ በዚያ አገር የማንም እናት አትወድም። ሙዚቀኛ ሁን ሚኒስትር ሁን፣ ጫማህን ደጃፍ ላይ ታወልቅና የእንግዳ ነጠላ ጫማ ታጠልቃለህ። ድምፅ ቀራጩ ይህን ሕግ ወዶታል፤ ወለሉ ጣውላ ነበርና በጫማ ሲረገጥ ይንቋቋበታል። ችግሩ የእንግዳ ጫማዎቹን የገዛችው እናትየዋ መሆኗ ነው፣ የገዛችውም ለሴት ጓደኞቿ ነው።

መብሩሬ ሰደርያውን ታቅፋ በሩን ቀስ ብላ ከፈተች። ቀረጻ ላይ ናቸው። ቱንጃይ የሚባለው ሳዝ ተጫዋች መሐል ላይ ቆሟል፤ ጸጉሩ የአንበሳ ጎፈር፣ ጺሙ ደረቱ ላይ፣ ፊቱ ሰው ሊገድል የተነሣ ነው የሚመስለው። እግሩ ላይ ግን ሮዝ ነጠላ ጫማ አለ፣ በየጫማው ጫፍ ላይም ጫጩት የሚያህል የሱፍ ኳስ። ጫማው ስለጠበበው ተረከዙ ከኋላ ወጥቶ ተንጠልጥሏል። በእግሩ ምት በመታ ቁጥር ጫጩቶቹ ይዘላሉ። መብሩሬ ከንፈሯን ነከሰች። ሰደርያውን አፏ ላይ ጠቀጠቀች። ሙዚቃው ጸጥ አለ፣ የቱንጃይም እግር ቆመ፣ አንዷ ጫጩት ግን ለብቻዋ አንዴ ተጨማሪ ዘለለች። ያን ጊዜ መብሩሬ በሳቅ ፈረሰች።

ቀራጩ ሊያንቃት ደረሰ። ቱንጃይ ግን “ተዋት! ሳቁን እንዳትነካው! ከዚህ የተሻለ ምን ልናስገባበት ነው?” አለ። ስሟን ሳይጠይቋት ሰደርያውን ወንበር ላይ ጥላ፣ ጫማዋን በእጇ እንደያዘች ደረጃውን በሩጫ ወረደች።

በዚያው በጋ ለሪፍኪ ታጨች። አማቷ፣ ነፍሷን ይማር፣ ጥርሷ የሚታይ ሴት የምትፈራ ሰው ነበረች። መብሩሬም አፏን በመዳፏ ከድና በትከሻዋ መሳቅ ለመደች። ከዚያ ሁሉ ሳቅ የተረፈላት በመጨረሻ የሚመጣው ስርቅታ ብቻ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ ከሳቀች ስርቅ ይላታል፤ እሱን መዳፍ አያቆመውም። ስርቅታው ሲይዛት ሪፍኪ ባለበት ይነሣል፣ ከወጥ ቤት አንድ ብርጭቆ ውሃ ያመጣል፣ “ትንፋሽሽን ያዢና ጠጪ” ይላታል። ምን አሳቀሽ ብሎ ግን ጠይቋት አያውቅም።

ሸክላውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያሰማት ሙሽራ ሳለች ነው። የገዛ ሳቋን ስትሰማ ልቧ ዘለለ። ልትነግረው አፏን ስትከፍት አማቷ ከነመቁጠሪያዋ አጠገቧ ተቀምጣለች። ነገ እነግረዋለሁ አለች። በነጋታው ደግሞ እሱ ቀደማትና “ምነው አንቺም እንዲህ ብትስቂ” አላት። ያቺ ቃል እንደ እሾህ ተሰካችባት። አማቷ አረፈች፣ የሚያስፈራ ነገር ቀረ፤ እልሁ ግን አልቀረም። ራሱ ይወቀው፣ አለች። በአንድ ትራስ ተኝተን፣ ከአንድ ሳህን በልተን፣ ሳቄን ካላወቀ ምኔን ነው የሚያውቀው? መጀመሪያ እንደ ቀልድ የያዘችው ጥያቄ ውሎ አድሮ ያማት ጀመር። ሸክላው በዞረ ቁጥር ወደ ሰገነቱ ወጥታ ልብስ ታሰጣለች፤ የሚሰጣ ልብስ ባይኖር እንኳ።

ባለፈው ሚያዝያ አንድ ጠዋት ሪፍኪ ሲሚት ዳቦውን ለቁርስ እንደያዘ እያለከለከ ገባ።

“መብሩሬ! ሊያሳትሙት ነው!”

“ምኑን?”

“«ሐምራዊውን ፋኖስ»! እንደገና፣ በሁለት ሸክላ! ያኔ የተቀረጸበት ክር አንድ ምድር ቤት ውስጥ ተገኝቷል። ቆርጠው የጣሉትን ሁሉ ሊጨምሩበት ነው። ሞዳ ሰፈር ያለች ደፍኔ የምትባል ልጅ ናት የምታሳትመው፤ ሸክላ ተራ አግኝቻት መጣሁ። ምን አለችኝ መሰለሽ?” ሲሚቱን አስቀምጦ ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ሳቁ ሙሉውን አለ። እስከ ጅራቱ።”

መብሩሬ የሻይ ብርጭቆዋን ማስቀመጫው ላይ መለሰች።

“ተዋናይቷ ናት አለች?”

“ታዲያ ማን ሊሆን ነው? የዓሣ ሻጩ ሚስት? ቅዳሜ ከሰዓት ያሰሙናል። ተጠርቻለሁ። አንቺም ትመጫለሽ።”

“እኔ ሄጄ ምን ልሠራ?”

“ሳቅ ትማሪያለሽ!”

መብሩሬ የወይራ ሳህኑን ከፊቱ አንሥታ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት።

በማግስቱ ዓሣ ልገዛ ብላ ወጣችና በቀጥታ ወደ ሞዳ ሄደች። የደፍኔ ማሳተሚያ ቤት አንድ አሮጌ ፎቅ ላይ ያለ መኖሪያ ቤት ነው። ደፍኔ ክንዷ ላይ ስምንት እግር ያለው የባሕር እንስሳ የተነቀሰች፣ ፈገግታ የማይጠፋት ልጅ ናት። መብሩሬ ጫማዋን በር ላይ አወለቀች፣ ደፍኔ እዚያ ካለው የእንግዳ ጫማ ቅርጫት ነጠላ ጫማ ሰጠቻት።

“አክስቴ፣ ማንን ፈልገው ነው?” አለቻት።

“የሪፍኪ ሚስት ነኝ ልጄ። ያንን ሳቅ ልሰማው መጥቼ ነው።”

“አጎቴ ሪፍኪ ቅዳሜን መጠበቅ አቅቷቸው ላኩዎት?”

“እሱ መምጣቴን አያውቅም። እንዳያውቅም።”

ደፍኔ ሌላ ነገር አልጠየቀችም፤ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገችላትና የራሷንም አጠለቀች። ከበሮው ቆመ፣ ጸጥታ ሆነ፣ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ ያቺ ልጅ መጣች። መብሩሬ ይህን ሳቅ ሲቆረጥ እንጂ ሙሉውን ሰምታው አታውቅም። ልጅቷ ማንንም አትፈራም። ትወጣለች፣ ጫፍ ላይ ትደርሳለች፣ ትሰበራለች፣ እንደገና ትነሣለች። ልጅቷ መብሩሬን ናፈቀቻት። የሞተ ዘመድ እንደሚናፈቅ ሳይሆን፣ ጎረቤት ሆና ሳትጠያየቃት እንደኖረች ሴት ናፈቀቻት። መጨረሻ ላይ ሳቁ እየቀለለ ወርዶ “ህክ!” አለ፣ ቆይቶም ደግሞ “ህክ!”፤ የአንድ ሰው ቁጣም “ይቺን ደግሞ ማን አስገባት?” ሲል ተሰማ። መብሩሬ ጫጩቷ ትዝ አለቻት። መዳፏ ሳታዘው አፏ ላይ ወጣ፣ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፣ “ህክ!” አለች።

ደፍኔ ማዳመጫዋን አወለቀች። ማሽኑን አየች፣ መብሩሬን አየች።

“እስቲ አንዴ ይድገሙት።”

“ምኑን ልጄ?”

“ስርቅታውን።”

“በትእዛዝ ይመጣል እንዴ? ህክ!”

ደፍኔ ዘላ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። “እርስዎ ነዎት! ተዋናይቷ እኮ እስክትሞት ድረስ እኔ አልሳቅሁም ስትል ኖረች፤ ትሕትና ነው እያልን ማንም አላመናትም! ስምዎን ሽፋኑ ላይ ነው የምጽፈው፣ ገና ማተሚያ ቤት አልገባም።”

“ቆይ። አትጻፊ።” መብሩሬ ወንበሩ ላይ ተስተካክላ ተቀመጠች፤ እንዲህ ያለ ነገር ለሰው ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው። “ባሌ ቅዳሜ ይሰማዋል። በራሱ ጆሮ ካወቀኝ ጻፊ። ካላወቀኝ ስሟ ያልታወቀ ሴት በይ። እኔም ይዤው እቀበራለሁ።”

“በአንድ ስርቅታ ሰው ይፈረድበታል? የወንድ ጓደኛዬ ጸጉሬን አረንጓዴ መቀባቴን ያወቀው በሳምንቱ ነው።”

“እኔ ሃምሳ ዓመት ሰጥቼዋለሁ። ሳምንት ምን አላት?”

እያሰበች ስትሄድ ዓሣውን ረስታ ቤት ገባች።

“ዓሣውስ?” አለ ሪፍኪ።

“የለም አሉ።”

“ካዲኮይ ላይ ዓሣ የለም? ባሕሩን ሸጡት?”

እስከ ቅዳሜ ድረስ የመብሩሬ ነገር አልያዝ አለ። አንዴ ትቆጣዋለች፣ አንዴ የሚወደውን ሩዝ የተሞላ ቃሪያ ሠርታ ታቀርብለታለች። ደጋግማ ልትነግረው ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ፍርሃቷ አለማወቁ አልነበረም፤ እሱን ለምዳዋለች። የፈራችው ከዚህ በኋላ ሌላ ሸክላ፣ ሌላ ጅራት፣ ሌላ ቅዳሜ አለመኖሩን ነው። ካሁን ወዲያ ተስፋ የምታደርግበት ነገር የለም።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በዚያ ቤት ከተሰበሰበው ሰው ሁሉ ጉዳዩን የማያውቀው ሪፍኪ ብቻ ነበር። ደፍኔ ብዙ ሙያ አላት፣ ምስጢር መጠበቅ ግን ከሙያዎቿ አንዱ አይደለም። ጢማሞቹ ሸክላ ሰብሳቢዎች መብሩሬን ሲያዩ ከመቀመጫቸው ብድግ ብድግ አሉ።

“አየሽ እንዴት እንደሚያከብሩኝ?” አለ ሪፍኪ በሹክሹክታ።

ዘግይተው ስለደረሱ ቅርጫቱ ውስጥ የቀረው አንድ የወንድ ልክ ነጠላ ጫማ ነው፤ ግራጫ፣ ጸጉራም፣ ከፊቱም ሁለት ረጃጅም የጥንቸል ጆሮዎች የተሰፉበት። ሪፍኪ ምንም ሳይመስለው አጠለቀው። መብሩሬ ዓይኗን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ አሁን ስቃ ነገሩን ልታበላሸው አትፈልግም።

ሻይ ተቀዳ። ደፍኔ መርፌውን ለሙከራ የታተመው ሸክላ ላይ አስቀመጠች። ሳዙ እንደ ንብ ተነሣ፣ ከበሮው ጋለበ፣ ኦርጋኑ ተንገዳገደ፣ ሁሉም ጸጥ አለ። ሪፍኪ ዓይኑን ጨፍኖ ጣቱን ወደ ጣሪያው ቀሰረ። ሳቁ መጣ። ሲወጣ፣ ሲወጣ፣ ከበሮው ሳይውጠው ጫፉ ላይ ደረሰ። መብሩሬ ቦርሳዋን ጨምቃ የባሏን ፊት ታያለች። ፊቱ ላይ ያለው ጥሩ ዓሣ የቀመሰ ሰው ደስታ ነው፣ ሌላ ምንም የለበትም። አላወቀኝም፣ አለች በሆዷ። በቃ፣ አላወቀኝም። ሳቁም እየቀለለ ወረደ፣ ወረደ፣ “ህክ!”

ሪፍኪ ተነሣ።

ማንንም አላየም። የጥንቸል ጆሮዎቹን እያራገበ ምንጣፉን አቋርጦ ወጥ ቤት ገባ። የቧንቧው ውሃ ሲወርድ ተሰማ። ሸክላው መዞሩን አላቆመም። ብርጭቆውን ይዞ ተመለሰ፣ መብሩሬ ፊት ቆመና “ትንፋሽሽን ያዢና...” ብሎ ጀመረ።

መብሩሬ አፏ እንደተዘጋ፣ ሁለት እጇ ቦርሳዋ ላይ እንደሆነ ተቀምጣለች።

“ህክ!” አለ ሸክላው እንደገና።

ሪፍኪ ወደ ድምፅ ማጉያው ዞረ። ወደ ሚስቱ ተመለሰ። እንደገና ወደ ማጉያው ዞረ። ብርጭቆው አዘነበለና ውሃው አንዱ ጥንቸል ላይ ፈሰሰ።

“መብሩሬ።”

“አቤት።”

“ይኼ ስርቅታ ያንቺ ነው።”

“ነው።”

“ሳቁስ?”

“ስርቅታ ብቻውን ይመጣል እንዴ?”

“ተዋናይቷስ ታዲያ? እኔ እኮ ገመዱን ባሕር ውስጥ...”

“በከንቱ ነው የወረወርከው።”

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሪፍኪ ግን አልሳቀም። አጠገቧ ወለሉ ላይ ቁጢጥ አለ፣ እንደ ልጅ ከታች ወደ ላይ አያት።

“እንግዲያ እኔ” አለ፣ “ይኼን ሁሉ ዘመን ውሃ ሳመላልስ የኖርኩት ለጅራቱ ነው? ራሱን አንድ ቀን ሳልሰማው? ስማኝ አትይኝም ነበር መብሩሬ? ለሸክላ ጣቴን ስቀስር ስታይ እንኳ?”

መብሩሬ ለዚህ ቀን ስንት መልስ አዘጋጅታ ነበር። አማቷ ነበረችበት፣ “ለቅሶ ቤት” ነበረበት፣ ያቺ የሙሽርነት ቃል ነበረችበት። አሁን ግን ዓይኗ ወደ ታች ወረደ። የባሏ ዓይኖች ውሃ ሞልተዋል፣ ከሥር ደግሞ የአንዱ ጥንቸል ጆሮ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ የሌላው ርሶ ተኝቷል። የደረቀው ጆሮ ብቻውን አንድ ጊዜ ነቅነቅ አለ።

እንደ ልማዷ መዳፏ ወደ አፏ ተነሣ። ሪፍኪ በገመድ በሻከረ እጁ መንገድ ላይ ቀለበው፤ ያን ቀን አልሳተም። ሳቋም ክዳን አጥቶ ወጣ፣ ከበሮ ሳይውጠው፣ እስከ ጫፉ። ሪፍኪ እጇን እንደያዘ አንገቱን ደፍቶ ሰማ። በሌላው እጁ የተረፈውን ውሃ ከፍ አድርጎ ይዞ፣ ስርቅታው እስኪመጣ ይጠብቅ ነበር።